ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ለቄስ፦ ቶሮንቶ ውስጥ ፎቅ ቤት ለሚኖር ሰው የመኪና ማጠቢያ ቦታ አመራረጥ

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ከፖለቲካም ከታሪክም የራቀ፣ ተራ የሚመስል ነገር ነው፤ መኪና ማጠብ። አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ይሄም ቁም ነገር ሆኖ ይጻፍበታል?» ትሉ ይሆናል። እኔም በማርች 2009 (እ.ኤ.አ.) የደረሰብኝ ነገር ሳይደርስብኝ በፊት ብትጠይቁኝ ኖሮ እንደዚያው ነበር የምለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶሮንቶ እንደገባሁ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ መኪና አጠባ ነበር። በአንድ የገበያ ማዕከል ምድር ቤት ውስጥ በእጅ የሚያጥቡ ሰዎች ዘንድ ሁለት ክረምት ሠራሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ላቫጆ ስሄድ ወንበር ተስቦልኝ፣ ማኪያቶ ይዤ ጋዜጣ እያነበብኩ የማስጠብ ሰው፣ እዚህ የሌላ ሰው ቸርኬ ሳሻሽ መዋሌን ለእናቴ በስልክ አልነገርኳትም። «መኪና ነክ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው» ነበር ያልኳት፤ ውሸትም አልነበረም።

በኋላ ሌላ ሥራ አግኝቼ አንድ ያረጀች ኮሮላ ስገዛ፣ የቀድሞ ሙያዬን አልረሳሁም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በሳሙና አሽቼ፣ በንጹሕ ፎጣ አድርቄ፣ ሰም ቀብቼ ነበር የማቆማት። ያኔ የምንኖረው ቪክቶሪያ ፓርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካሉት የክሬሰንት ታውን ፎቆች በአንደኛው ላይ ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ የሚያዩኝ ጎረቤቶች «አዲስ ገዛህ እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ በዚያ ማርች ወር አንድ ጠዋት፣ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ቪክቶሪያ ፓርክ መንገድ ላይ ቁልቁል ስወርድ፣ ቀይ መብራት በራና ፍሬን ያዝኩ። እግሬ ወደ ታች ሰመጠ። መኪናዋ መቆም ባለባት ቦታ አልቆመችም። የእጅ ፍሬኑን ጎትቼ የእግረኛ መሻገሪያውን አልፋ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያች ሰዓት የሚሻገር ሰው አልነበረም። ልጄ «አባዬ፣ ለምን አለፍከው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

መኪናዋን አስጎትቼ «ጋሼ» እያልን ወደምንጠራቸው አንድ አንጋፋ የአገራችን መካኒክ ወሰድኳት። ከፍ አድርገው አነሷትና ባትሪ አብርተው «ና እስቲ ልጄ፣ ተመልከት» አሉኝ። የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈው ቀጭን የብረት ቱቦ በዝገት ተበልቶ ፈንድቶ ነበር። ዘመናዊ መኪና ፍሬኑ በሁለት መስመር የተከፈለ በመሆኑ ግማሹ ስለሠራ ነው የተረፍነው። ከበሮቹ ሥር ያለው ላሜራ ደግሞ በጠመንጃ መፍቻ ሲነኩት እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል። «ላይዋ እንዲህ የሚያበራ መኪና ሆዷ እንዲህ ሆኖ አላየሁም» አሉና፣ ትንሽ ቆይተው «አንተ የምታጥበው ሰው የሚያየውን ነው» አሉኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ መኪና አጣቢ የነበርኩ ሰው ይህን ስሰማ ምን ያህል እንዳፈርኩ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ሳነብና ስጠይቅ ኖሬአለሁ። በተለይ እንደኔ ግቢም የውሃ ቧንቧም የሌለው፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ወገን እንዲጠቀምበት የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. የምናጥበው ምኑን ነው?

ባገራችን መኪና የሚታጠበው ከአቧራና ከጭቃ ነው። ጭቃ መልክ ያበላሻል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ ዓመት ቢቆይም ውሃ ሲነካው ይወርዳል። የቶሮንቶ ጠላት ግን ጨው ነው። የቶሮንቶ ከተማ በአንድ ክረምት በአማካይ ወደ 130 ሺህ ቶን የሚጠጋ ጨው በመንገዶቹ ላይ ይበትናል። በመላው ካናዳ ሲደመር ደግሞ በዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል። የካናዳ መንግሥት በ2001 ባወጣው የጥናት ውጤት የመንገድ ጨው አካባቢን እንደሚጎዳ አረጋግጦ፣ በ2004 የአጠቃቀም መመሪያ አውጥቷል። እንዲያም ሆኖ ጨው መበተኑ አልቀረም፤ ያለ እሱ በረዶው ሰው ይገድላልና።

ጨው ብረትን በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ዝገት የሚፈጥረውን የኬሚካል ሂደት ያፋጥነዋል። ሁለተኛ፣ ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ቅዝቃዜው ሲበረታ ተራው ጨው አቅም ስለሚያጣ፣ መንገድ ላይ የሚረጩ ሌሎች የጨው ዓይነቶችና ፈሳሾች አሉ። እነዚህ ደግሞ ከተራው ጨው የበለጠ እርጥበት የሚስቡና የሚጣበቁ ናቸው።

ይህ ጨው ጎማ እየረጨው የሚሄደው ወዴት ነው? ኮፈኑ ላይ የምናየው ነጭ ዱቄት ከጠቅላላው ትንሹ ነው። ዋናው የሚገባው ፓራፋንጎው ውስጥ፣ ከበሮቹ ሥር፣ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎቹ ላይ፣ የማርሚታው ማሰሪያዎች ላይ ነው። ስለዚህ ማጠቢያ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀለሙን ያሳምርልኛል ወይ?» ሳይሆን «ሆዱን ያጥብልኛል ወይ?» መሆን አለበት።

2. ፎቅ ቤት ለሚኖር ሰው የሚብሰው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው መኪናዬ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሙቀት ባለበት ስለሚያድር ዕድለኛ ነኝ ብሎ ያስባል። ጠዋት መስታወት መፋቅ ስለሌለ በርግጥ ዕድለኛ ነው። ለዝገት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ውጭ፣ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ያደረ መኪና ላይ ያለው ጨው ደርቆና በርዶ ይቀመጣል፤ ዝገቱም በጣም ይዘገያል። ሞቅ ያለ ምድር ቤት የገባ መኪና ላይ ግን በረዶው ይቀልጥና ጨዋማ ውሃ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ በብረቱ ላይ ይሠራል። ጠዋት ወጥቶ እንደገና ጨው ይለብሳል፤ ማታ ገብቶ እንደገና ይሟሟል። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ነው።

«እንግዲያው እዚያው ምድር ቤት ለምን አላጥበውም?» የሚል አይጠፋም። እኔም በመጀመሪያው ክረምት ባልዲ ሙሉ የሞቀ ውሃ በአሳንሰር ይዤ ወርጄ፣ የሕንፃው ኃላፊ ደርሶ አስቁሞኛል። ያኔ የመሰለኝ ሰውየው ስለጠላኝ ነበር። ኋላ ላይ ነው ምክንያቱ የገባኝ።

የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ወለል ኮንክሪት ነው፤ ኮንክሪቱ ውስጥ ደግሞ ፌሮ ብረት አለ። ጨዋማ ውሃ በስንጥቅ እየገባ ፌሮውን ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ይፋፋና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። በ1955 እና በ1966 መካከል በየደረጃው የተሠራውን የጋርዲነር አውራ ጎዳና ከሥሩ ቀና ብላችሁ አይታችሁት ከሆነ፣ ኮንክሪቱ ተገምሶ ብረቱ ሲታይ ተመልክታችኋል፤ ያ በአብዛኛው የጨው ሥራ ነው። ከዚህ የከፋም ደርሷል። ኦንታሪዮ ውስጥ ኤሊየት ሌክ በምትባል ከተማ የነበረው አልጎ ሴንተር የገበያ ማዕከል ጣሪያው መኪና ማቆሚያ ነበር። በ1980 ከተከፈተ ጀምሮ ያንጠባጥብ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ውሃና ጨው እየሰረገ የብረት መገጣጠሚያውን ሲበላው ኖረና፣ ጁን 23 ቀን 2012 ጣሪያው ተደርምሶ ሁለት ሴቶች ሞቱ። በ2014 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽኑ ሪፖርት ጉዳዩ የብረት ብቻ ሳይሆን እያዩ ዝም ያሉ ሰዎች ጭምር መሆኑን በዝርዝር አስፍሯል። እንግዲህ የሕንፃው ኃላፊ «እዚህ አይታጠብም» ሲል ጥላቻ አለመሆኑን እንረዳለት።

መንገድ ዳር ወይም ክፍት ማቆሚያ ላይ ማጠብስ? እሱም አያዋጣም። መንገድ ዳር ያለው የዝናብ ውሃ መውረጃ በአብዛኛው የሚፈሰው ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ወንዞቹና ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅ ነው። ሳሙናና ዘይት ወደዚያ መልቀቅ የከተማው የፍሳሽ ደንብ ይከለክላል። የምንጠጣውም ውሃ ከዚያው ሐይቅ የሚቀዳ ነው። የንግድ ማጠቢያ ቤት ግን አሸዋና ዘይቱን በጉድጓድ አስቀርቶ ቀሪውን ወደ ማጣሪያ ጣቢያ በሚሄደው ቦይ እንዲለቅ ይገደዳል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ አንዳንድ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤታቸው ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ፣ የራሱ መውረጃ ያለው የማጠቢያ ቦታ አላቸው። ሳታውቁት ዓመታት ልትኖሩ ትችላላችሁና ለአስተዳደሩ ጠይቁ። ክረምት ላይ ውሃው ይዘጋ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።

3. አራቱ የማጠቢያ ዓይነቶች

ሀ) ራስን በራስ ማጠቢያ። ግድግዳ ያለው፣ ባንድ ጊዜ አንድ መኪና የሚያስገባ ጎጆ ነው። ሳንቲም ወይም ካርድ ተከፍሎበት በኃይል የሚረጭ የውሃ ዘንግ ይሰጣል። ለሆድ እጥበት ከዚህ የተሻለ የለም፤ ምክንያቱም ዘንጉን ራሳችሁ ፓራፋንጎው ውስጥና ከበሮቹ ሥር ታስገቡታላችሁ። ጉዳቱ ብርዱና ጊዜው ነው፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ እጅ ይደነዝዛል። እዚያ የተንጠለጠለውን የአረፋ ብሩሽ ግን አትንኩት። ከእናንተ በፊት ጭቃ የነበረበት የጭነት መኪና ታጥቦበት ሊሆን ይችላል፤ በውስጡ የቀረው አሸዋ ቀለማችሁን ይቧጭረዋል። የመሐል ከተማ መሬት ውድ ስለሆነ እነዚህን የምታገኟቸው በአብዛኛው ወጣ ብሎ፣ በስካርቦሮ፣ በኖርዝ ዮርክና በኢቶቢኮ የጋራዦች ሠፈሮች ነው።

ለ) ብሩሽ የማይነካው። ብዙ ጊዜ ነዳጅ ማደያ ጎን ያለ ነው። መኪናው ቆሞ መሣሪያው ዙሪያውን እየዞረ በውሃ ኃይልና በኬሚካል ያጥባል። ፔትሮ ካናዳ፣ ኤሶና ሼል በብዙ ጣቢያዎቻቸው አውቶማቲክ ማጠቢያ አላቸው፤ ብሩሽ ያለውም የሌለውም አለ። የማይነካው ቀለም አይቧጭርም። ሳይነካ ለማጽዳት ሲል ግን ጠንከር ያለ ኬሚካል ስለሚጠቀም ሰሙን ቶሎ ያነሣል። የሆድ መርጫው ብዙ ጊዜ መግቢያው ላይ ወለሉ ውስጥ የተቀበረ ነው። እሱ ላይ ስትደርሱ እንደ ቀንድ አውጣ በዝግታ እለፉ፤ በፍጥነት ያለፈ ሰው የከፈለበትን ትቶት ሄደ ማለት ነው።

ሐ) ዋሻው። መኪናው ማርሹ ነፃ ሆኖ በሰንሰለት እየተጎተተ በጨርቆችና በውሃ መርጫዎች መሐል ያልፋል። ፈጣን ነው፤ በክረምት ቅዳሜ ረጅም ሰልፍ ቢኖርም ቶሎ ይነቃነቃል። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ያጥባል። የሆድ እጥበት ግን በብዙ ቦታ በመደበኛው ዋጋ ውስጥ የለበትም፤ ከፍ ያለውን ደረጃ መግዛት ይጠይቃል። ከመክፈላችሁ በፊት ሰሌዳውን አንብቡ።

መ) በእጅ የሚያጥቡ። እኔ የሠራሁበት ይህ ነው። ውስጡን ለማጽዳት፣ መቀመጫ ላይ የፈሰሰ ቡና ወይም የልጆች ብስኩት ለማንሣት የሚያህለው የለም። ለሆድ ግን ብዙዎቹ መሣሪያ የላቸውም። በተለይ ምድር ቤት ውስጥ ያሉት በትንሽ ውሃ ስለሚሠሩ ሥሩን አይነኩትም። ጥራቱን የምትለዩት በፎጣው ነው። አጣቢው መሬት የወደቀ ፎጣ አንሥቶ መልሶ ከተጠቀመ፣ ለቸርኬና ለቀለም አንድ ፎጣ ካደረገ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ። እኛ ጋ ሰልፍ ሲበዛ አለቃችን «ቶሎ ቶሎ!» እያለ ሲያዋክበን፣ የወደቀ ፎጣ አራግፈን የተጠቀምንባቸው ቀናት አሉ። ይቅር ይበለን።

4. ከመምረጥ በፊት የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

አንደኛ፦ የሆድ እጥበት አለው? በየትኛው ዋጋ ውስጥ? ይህ ከሌለው በክረምት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛ፦ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ ነው? ትልልቆቹ ማጠቢያዎች ውሃቸውን እያጣሩ መልሰው ይጠቀማሉ። ለአካባቢ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተራ ማጣሪያ አሸዋና ዘይት ያስቀራል እንጂ የሟሟ ጨው አያወጣም። በሰልፉ ውስጥ ያሉት መኪናዎች ሁሉ ጨው በጨው ሲሆኑ፣ ተመልሶ የሚረጨው ውሃ ጨዋማ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛውን «የሆዱ ውሃ አዲስ ነው ወይስ ተመላሽ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

ሦስተኛ፦ ከታጠብኩ በኋላ የምነዳው ወዴት ነው? ታጥቦ በቀጥታ ምድር ቤት መግባት እርጥበቱን ይዞ መግባት ነው። በደረቅ መንገድ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚያስነዳ ቦታ ላይ ያለ ማጠቢያ፣ ከቤታችሁ በር ላይ ካለው ይሻላል።

አራተኛ፦ መኪናዬን ያስተናግዳል? ጣሪያው ላይ ዕቃ መጫኛ የተገጠመበት፣ አንቴናው የማይወልቅ፣ ወይም ከፍታው የበዛ መኪና ዋሻ ላይገባ ይችላል። አዳዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ዝናብ ሲነካቸው በራሱ የሚሠራውን የመስታወት መጥረጊያ፣ ሲቆሙ በራሱ የሚይዘውን ፍሬን አጥፉ። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ብዙዎቹ ለማጠቢያ የሚሆን ልዩ ማስተካከያ ስላላቸው መመሪያውን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ዋሻው ውስጥ ከገቡ በኋላ ስክሪን ላይ መፈለግ የኋለኛውን ሰው ማስጮህ ነው።

አምስተኛ፦ ዋጋው በወር ሲደመር ስንት ነው? ወደዚህ አሁን እመለሳለሁ።

5. መቼ ይታጠብ?

ሰው ሁሉ የሚሰለፈው በረዶ በጣለ ማግስት፣ ፀሐይ የወጣ ቅዳሜ ነው። መንገዱ ግን ያን ጊዜ ገና ጨው በጨው ስለሆነ ቤታችሁ ሳትደርሱ ይመለስባችኋል። ጨው ከተበተነ በኋላ መንገዱ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቃችሁ፣ የሥራ ቀን ረፋድ ላይ ብትሄዱ ሰልፉም ይቀላል፣ እጥበቱም ይቆያል። በጥልቁ ክረምት በየሁለት ሳምንቱ፣ ጨው በብዛት በተበተነበት ሰሞን በየሳምንቱ ቢሆን ጥሩ ነው።

ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ካለፈ ብታቆዩት ይሻላል፤ በሩም ቁልፉም ይያዛል። ውጭ የምታቆሙ ሰዎች ከሰዓት በፊት እጠቡ፤ ማታ ካጠባችሁ ጠዋት በሩ አይከፈትም። ታጥቦ እንዳለቀ በሮቹን ሁሉ፣ የዕቃ መጫኛውንና የነዳጅ መክፈቻውን ከፍታችሁ የጎማ ጠርዛቸውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በረዶ ያደረበት መስታወት ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ሁለት ቀናት ግን ለማንም ብላችሁ አትለፏቸው። አንደኛው፣ በፀደይ ጥሩ ዝናብ ዘንቦ መንገዱን ካጠበ በኋላ፣ በኤፕሪል አካባቢ የሚደረግ ሙሉ የሆድ እጥበት ነው። የክረምቱ ጨው በበጋው ሙቀት ውስጥ እንዲያከርም መተው የለብንም። ሁለተኛው፣ አሳንሰሩ ውስጥ «በዚህ ቀን ምድር ቤቱ ስለሚታጠብ መኪናችሁን አውጡ» የሚል ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ቀን ነው። ብዙ ሕንፃዎች ይህን የሚያደርጉት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲያልቅ ነው። ያን ዕለት መኪናችሁም ታጥባ ትመለስ፤ ጨዋን ይዛ ንጹሕ ወለል ላይ ብትቆም ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

6. ወጪው

ሰሌዳ ላይ የሚታየው ዋጋ የኦንታሪዮን 13 በመቶ ግብር አይጨምርም። ወርኃዊ ክፍያ የሚያስከፍሉ ዋሻዎች ደግሞ ስሌት ይፈልጋሉ። እንበል አንዱ እጥበት 18 ዶላር፣ የወሩ ክፍያ 40 ዶላር ቢሆን፣ በወር ሦስት ጊዜ የማይሄድ ሰው ከስሯል። ከዲሴምበር እስከ ማርች ያዋጣል፤ በጁላይ ግን ብዙውን ጊዜ አያዋጣም። ስትፈርሙ «ክረምቱ ሲያልቅ እንዴት ነው የማቋርጠው?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ነዳጅ ማደያ የሚገዛ የማጠቢያ ቁጥርም ማብቂያ ቀን ስላለው ደረሰኙን ተመልከቱ።

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። በወር አንድ ጊዜ ራስን በራስ ማጠቢያ ሄጄ ሆዷን ብቻ አጥባታለሁ፤ ጣሪያዋን አልነካም። በመሐል አንድ ጊዜ በማይነካው አሳልፋታለሁ። በመጸው፣ ጨው ሳይጀመር፣ ክራውን ወይም ረስት ቼክ በመሳሰሉት ቤቶች ፀረ ዝገት ዘይት አስረጫታለሁ። በእጅ የሚያጥቡት ዘንድ የምሄደው በዓመት ሁለቴ፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ያን ጊዜ ለፍሬን ቱቦውና ለላሜራው ከከፈልኩት ያንሳል። ያገለገለ መኪና ሲሸጥም ኦንታሪዮ ውስጥ ገዢው ሰሌዳ ለማውጣት የደህንነት ምርመራ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ መርማሪው ደግሞ ጣሪያውን ሳይሆን ሥሩን ነው የሚያየው።

7. ራሳችሁን መፈተኛ

የከፈላችሁበት ማጠቢያ ሥራውን መሥራቱን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። ታጥቦ በማግስቱ፣ መኪናው ሲደርቅ፣ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ውስጥና ከበሩ ሥር ተመልከቱ። ነጭ ከሆነ አልታጠበም። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ቦታ ሂዱ። እኔ በዚህ ዘዴ ሁለት ማጠቢያ ቤቶች ቀይሬአለሁ፤ ሁለቱም ላዩን አሳምረው ነበር የሚያጥቡት።

በእጅ የሚያጥቡ ቤቶች ስትሄዱ ደግሞ ጉርሻውን ለአለቃው ሳይሆን በእጁ ፎጣ ለያዘው ሰው ስጡት። ምናልባት እሱም ለእናቱ «መኪና ነክ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው» ብሎ ይሆናል።

ያቺ ኮሮላ ከብዙ ጥገና በኋላ አምስት ክረምት አገልግላን ተሸጠች። ልጄ አሁን የራሷን መኪና ትነዳለች። ባለፈው ማርች ቤት ስትመጣ መኪናዋ ከላይ እስከ ታች በነጭ ጨው ተለብጦ፣ የቀለሙ ዓይነት እንኳ አይለይም ነበር። ልቆጣ ስል «አባዬ፣ ዝቅ ብለህ እይ» አለችኝ። መብራቴን ይዤ በርከክ አልኩ፤ ሆዷን ከዚያው ሳምንት አስጠብታ፣ ዘይቱም ገና አለ። ላዩን ግን አልደረሰችበትም። ጎረቤት ቢስቅባትም እኔ ምንም አላልኩም።

እናንተም ዛሬ ማታ ምድር ቤት ስትወርዱ አንዴ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ቸር ይግጠመን።